ጫጫታው የቱ ነው፣ ሕመሙ የቱ? ስለ ልብ ኤሌክትሪክ ሲግናል ማጥራትና መለየት



ሶፊ የቀራሁበት መድረሳ አንድ ክፍል ብቻ ነበረው። ሠላሳ አርባ ልጅ እንሆናለን። አንዱ ጁዝእ ዐምማ ላይ፣ ሌላው ያሲን ላይ፣ ጀማሪው ገና አሊፍ ባ ላይ ሆኖ ሁላችንም በአንድ ጊዜ ድምፃችንን ከፍ አድርገን እንቀራለን። ከውጭ ለሚሰማው የንብ ቀፎ ነው። ኡስታዛችን ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀምጠው ድንገት «አንተ! መድዱን አሳጠርከው!» ይላሉ። ከዚያ ሁሉ ጫጫታ ውስጥ የአንድ ልጅ ስህተት ለይተው ማለት ነው። ያኔ ከራማ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ የኤሌክትሪካል ምህንድስና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ የመመረቂያ ፕሮጀክቴም ኡስታዝ ያደርጉት የነበረውን ኮምፒውተር እንዲያደርገው መሞከር ሆኖ አገኘሁት። ልዩነቱ ድምፁ የልጆች ሳይሆን የልብ ኤሌክትሪክ መሆኑ ነው።

ርዕሱን የመረጥኩት በአያቴ ምክንያት ነው። «ደረቴ ውስጥ ወፍ ይንፈራገጣል» ማለት ስታበዛ ከሶፊ ወደ ሐረር አምጥተን ሆስፒታል ወሰድናት። ጠዋት ነበር፤ የሐረር ጠዋት እንዴት እንደሚበርድ ታውቃላችሁ። አልጋው ላይ ጋደም ብላ ሽቦዎቹ ሲገጠሙላት ትንቀጠቀጥ ነበር። ግማሹ ብርድ፣ ግማሹ ፍርሃት፣ ግማሹ ሀፍረት ነው (ሦስት ግማሽ የለም እንዳትሉኝ፣ አያቴን አታውቋትም)። የወጣው ወረቀት ከዳር እስከ ዳር የመጋዝ ጥርስ ይመስላል። ነርሷ አየት አደረገችና አጣጥፋ ጣለችው። ከዚያ ጋቢ ደረበችላት፣ ራስጌ የተሰካውን የስልክ ቻርጀር ነቀለች፣ ቆዳዋን በአልኮል ጠርጋ ኤሌክትሮዶቹን እንደገና ለጠፈች፣ እኛን ወንዶቹን አስወጣችን። በኦሮምኛ እያጫወተቻት ሁለተኛ አነሳቻት።

ሁለተኛው ወረቀት ጥርት ያለ ነበር። መንቀጥቀጡ ጠፍቷል። አንድ ነገር ግን አልጠፋም፤ በረጃጅሞቹ ጫፎች መካከል ያለው ርቀት እኩል አይደለም። አንዴ ይጠባል፣ አንዴ ይሰፋል፣ ምንም ሥርዓት የለውም። ሐኪሙ የላይኛው የልቧ ክፍል በሥርዓት ከመምታት ይልቅ እየተርገበገበ መሆኑን ነገሩን። መድኃኒት ጀመረች፤ አልሐምዱሊላህ ዛሬ ደህና ናት።

የመጀመሪያው ወረቀት መንቀጥቀጥ ጫጫታ ነበር፤ የሁለተኛው አለመስተካከል ሕመም ነበር። ለማያውቅ ዓይን ሁለቱም «መዛባት» ናቸው። ፕሮጀክቴ በሙሉ በእነዚህ ሁለት ወረቀቶች መካከል ያለ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

እስቲ ከመሠረቱ እንነሳ። ልብ ጡንቻ ነው፤ ጡንቻም የሚኮማተረው ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ነው። በልብ ቀኝ የላይኛ ክፍል ያለች ትንሽ የሕዋሳት ስብስብ በእረፍት ጊዜ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ ትለኩሳለች። እሳቱ መጀመሪያ በላይኞቹ ክፍሎች ይሰራጫል፤ ይህ ወረቀቱ ላይ ትንሽ ጉብታ ሆኖ ይታያል፣ ፒ ይባላል። ቀጥሎ ወደ ታችኞቹ ትልልቅ ክፍሎች ሲወርድ ረጅሙን ሹል ጫፍ ይሠራል፤ ኪውአርኤስ የሚሉት ነው፣ በጤነኛ ሰው ከ0.12 ሰከንድ በታች ያልቃል። በመጨረሻ ጡንቻው ራሱን ለቀጣዩ ምት ሲያዘጋጅ ቲ የተባለው ሰፋ ያለ ጉብታ ይመጣል። ይህን የሚያነሳው ምርመራ ኢሲጂ ነው።

ችግሩ ያለው በመጠኑ ላይ ነው። ይህ ኤሌክትሪክ ቆዳ ላይ ሲደርስ ወደ 1 ሚሊቮልት ገደማ ብቻ ነው። ከአልጋው አጠገብ ያለው የግድግዳ ሶኬት ደግሞ 220 ቮልት ነው፤ 220 ሺህ እጥፍ ማለት ነው። ከመብራት ኃይል መስመር አጠገብ የልብን ሹክሹክታ እንደማዳመጥ ነው።

በዚህ ምክንያት የመጀመሪያዎቹ መሣሪያዎች ግዙፍ ነበሩ። ሆላንዳዊው ቪለም አይንትሆቨን (የተወለደው ግን በጃቫ ደሴት፣ በዛሬዋ ኢንዶኔዥያ፣ እ.ኤ.አ. በ1860 ነው) የሠራው መሣሪያ 270 ኪሎ ገደማ ይመዝን ነበር፤ ለማንቀሳቀስ አምስት ሰው ይፈልጋል። ታካሚው እጆቹንና አንድ እግሩን ጨው ውሃ በተሞላ ባልዲ ውስጥ ነክሮ ይቀመጣል። ላቦራቶሪው ከሆስፒታሉ 1.5 ኪሎ ሜትር ይርቅ ስለነበር ታካሚው ከሆስፒታሉ ሳይወጣ የልቡን ሲግናል በስልክ ሽቦ ይልኩለት ነበር። ይህ የሆነው ከመቶ ዓመት በፊት፣ ሃያኛው ክፍለ ዘመን ሲጀምር ነው። በ1924 የኖቤል ሽልማት አገኘበት። ሶፊ ላይ ኢሲጂ አንስቶ ሐረር ለተቀመጠ ሐኪም መላክን እንደ ሩቅ ሕልም ለምንቆጥር ሰዎች ትንሽ የሚያሳፍር ታሪክ ነው።

ወደ ጫጫታው እንመለስ። በብዛት የሚያስቸግሩት ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያውን ሁላችሁም ሰምታችሁታል። የመስጂድ ድምፅ ማጉያ ሲከፈት፣ ኸጢቡ አፋቸውን ሳይከፍቱ «እምምም» የሚል ድምፅ ይወጣ የለ? እሱ የመብራት ኃይል ድምፅ ነው። የአገራችን ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ጊዜ ሙሉ ዑደት ስለሚያደርግ 50 ሄርዝ እንለዋለን። ገላችን እንደ አንቴና ሆኖ ይህን ይቀበላል፤ ኢሲጂ ላይም ጥቅጥቅ ያለ ወጥ ጥርስ ሆኖ ይወጣል። ነርሷ ቻርጀሩን የነቀለችው ለዚህ ነው። በነገራችን ላይ ቀኝ እግር ላይ የሚለጠፈው ኤሌክትሮድ የልብን ሲግናል አይለካም፤ መሣሪያው ከገላ ላይ የሰማውን የጋራ ጫጫታ ገልብጦ በዚያ በኩል በመመለስ ጫጫታውን በራሱ ያጠፋዋል። ኤሌክትሮኒክስ ስማር እንደዚህ ያስደሰተኝ ሰርኪዩት የለም።

ሁለተኛው ትንፋሽ ነው። ደረት ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር የሲግናሉ መነሻ መስመርም ቀስ እያለ ይዋዥቃል። ዝግ ያለ ስለሆነ (በአብዛኛው ከ0.5 ሄርዝ በታች ነው) ለማየት ቀላል ነው፤ ለማጥፋት ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፣ እመለስበታለሁ።

ሦስተኛውና ክፉው የጡንቻ ነው። ልብ ጡንቻ እንደሆነ ሁሉ ክንድም ጡንቻ ነው፣ እሱም ኤሌክትሪክ አለው። ታካሚው ሲንቀጠቀጥ፣ እጁን ሲጨብጥ፣ ሲያወራ የክንዱ ኤሌክትሪክ በልቡ ላይ ይደረባል። ይህኛው እንደ 50 ሄርዙ አንድ ቦታ አይቀመጥም፤ ከልቡ ሲግናል ጋር እየተቀላቀለ ሰፊ ቦታ ይይዛል።

ምህንድስና ተማሪ ወዲያው የሚያስበው ማጣሪያ ነው። 50 ሄርዝ ላይ ጠባብ ጉድጓድ ቆፍሮ ያንን ብቻ መጣል፣ ከታች ዝግተኛውን መቁረጥ፣ ከላይ ፈጣኑን መቁረጥ። ፓይተን ላይ አራት መስመር ነው። እኔም ጻፍኩት፤ መስመሩ እንደ ብርጭቆ ጠራ። ወዲያው ለጓደኞቼ ስክሪንሹት ላክሁ።

ደስታዬ ሁለት ቀን ቆየ። የትንፋሹን ውዥዋዜ ለማጥፋት ከ1 ሄርዝ በታች ያለውን ሁሉ ቆርጬ ነበር። ከኪውአርኤስ በኋላ እስከ ቲ ያለችው አጭር ክፍል፣ ኤስቲ የምትባለው፣ በመጀመሪያው ቅጂ ላይ ቀጥ ያለች ነበረች፤ በእኔ «የጠራ» ቅጂ ላይ ግን ተንጋደደች። ይህች ክፍል ከፍ ወይም ዝቅ ማለቷ ለልብ ጡንቻ ደም ሲቋረጥ ሐኪም ከሚፈልጋቸው ዋና ምልክቶች አንዱ ነው። ጤነኛውን ሰው በማጣሪያ አሳመምኩት ማለት ነው። ተቃራኒውም ይደርሳል፤ የታመመውን ማጣሪያ ጤነኛ ያስመስለዋል። ለምርመራ የሚነሳ ኢሲጂ የታችኛው ወሰኑ 0.05 ሄርዝ እንዲሆን የሚመከረው በዚህ ምክንያት ነው። ከላይ በኩልም እንዲሁ ነው። የጡንቻውን ጫጫታ ለመጣል ከ40 ሄርዝ በላይ ያለውን ብትቆርጡ ሹሉ ጫፍ ያጥራል፣ ትናንሽ ስንጥቆቹ ይለሰልሳሉ። ለአዋቂ ሰው እስከ 150 ሄርዝ መተው አለበት ይባላል።

የተሻለው መንገድ ዌቭሌት የሚባለው ነው። ሒሳቡን እዚህ አልጽፈውም፤ ሐሳቡ ግን ማሽላ ሲያበጥሩ ላየ የሶፊ ልጅ ግልጽ ነው። አንድ ወንፊት ብቻ ብትጠቀሙ ወይ ገለባው ያልፋል ወይ ፍሬው ይጣላል። ስለዚህ ሲግናሉን ቀዳዳቸው እየጠበበ በሚሄድ በርካታ ወንፊቶች ታሳልፉታላችሁ። እያንዳንዱ ወንፊት ላይ የቀረውን ለየብቻ ታዩታላችሁ፤ ከወሰኑ ያነሰውን፣ ገለባ ሊሆን የሚችለውን፣ ታነሱና የቀረውን መልሳችሁ ትገጥሙታላችሁ። ከማጣሪያው የሚለየው፣ አንድ ነገር በምን ፍጥነት እንደሚርገበገብ ብቻ ሳይሆን መቼ እንደተከሰተም ማወቁ ነው። ሹሉ ጫፍ ለአጭር ጊዜ ብቅ ብሎ ይጠፋል፤ የጡንቻው ጫጫታ ግን በሁሉም ቦታ ይንጣጣል። ለዚህ ሥራ በብዛት የሚያገለግሉትን ወንፊቶች ኢንግሪድ ዶብሺ የተባለች ቤልጅግ የተወለደች የሒሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1988 አሳትማቸዋለች።

ዌቭሌትም ቢሆን አያቴን አያድናትም ነበር። የላይኛው ክፍል ሲርገበገብ ፒ የምትባለው ጉብታ ትጠፋና በምትኩ በደቂቃ ከ350 እስከ 600 የሚደርሱ ጥቃቅን ሞገዶች ይመጣሉ። ይህ በሄርዝ ከ6 እስከ 10 ማለት ነው። በብርድ የሚንቀጠቀጥ ሰው ጡንቻም እዚያው ሠፈር ይውላል። ቁመታቸው ተመሳሳይ፣ ፍጥነታቸው ተመሳሳይ። አንዱ ሕመም ነው፣ ሌላው ጋቢ የሚፈልግ ብርድ ነው፤ ወንፊቱ የሚለይበት ነገር የለውም። ሁለቱንም ቢጥል ሕመሙን ይደብቃል፣ ሁለቱንም ቢተው ብርዱን ሕመም ይለዋል።

መፍትሔው ከማጥራት ሳይሆን ከመለየት ይመጣል። መለየት ማለት ደግሞ በመጀመሪያ ምን እንደሚለካ መምረጥ ነው። እዚህ ላይ እኛ ዘንድ የቆየ ነገር አለ። ኢብኑ ሲና (አላህ ይዘንላቸው) በአል-ቃኑን መጽሐፋቸው የደም ሥር ትርታን ሲተነትኑ መጀመሪያ ያደረጉት የሚለካውን መዘርዘር ነው፤ መጠኑ፣ ጥንካሬው፣ ፍጥነቱ፣ እኩልነቱ፣ ሥርዓቱ ወዘተ። ከዚያ በእነዚህ ተነስተው ዓይነቶቹን ስም ሰጧቸው፤ የሚዳቋ፣ የጉንዳን፣ የትል፣ የመጋዝ፣ የአይጥ ጅራት ትርታ እያሉ። ሽቦም ኮምፒውተርም አልነበራቸውም፤ ጣታቸው ብቻ። ዛሬ የማሽን ለርኒንግ መምህር «መጀመሪያ መለያ ባሕርያትን አውጡ» ሲል የሚያስተምረው ይህንኑ ነው።

ከእነዚያ ውስጥ እኩልነትና ሥርዓት የሚሉት ሁለቱ የአያቴን ጉዳይ ይፈታሉ። የክንድ ጡንቻ ሲንቀጠቀጥ መስመሩን ያበላሻል፣ ረጃጅሞቹን ጫፎች ግን ከቦታቸው አያንቀሳቅሳቸውም። የላይኛው ክፍል ሲርገበገብ ግን ጫፎቹ ራሳቸው ሥርዓት ያጣሉ። ስለዚህ ጫፎቹን ፈልጎ በመካከላቸው ያለውን ጊዜ መለካት ነው። ጂያፑ ፓን እና ዊሊስ ቶምፕኪንስ እ.ኤ.አ. በ1985 ለዚህ ያቀረቡት ዘዴ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ሲግናሉን ከ5 እስከ 15 ሄርዝ ባለው ጠባብ በር ያሳልፉታል፣ ቁልቁለቱን ያሰላሉ፣ ያገኙትን በራሱ ያባዙታል (ትልቁ እንዲገን፣ ትንሹ እንዲያንስ)፣ ከዚያ በአጭር መስኮት ያማክሉታል። ቅርፁ ይበላሻል፣ ለሐኪም የሚታይ ነገር አይቀርም፤ ጫፉ ያለበት ሰዓት ግን ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ለዓይን የሚጠራውና ለመለካት የሚጠራው አንድ እንዳልሆነ የገባኝ እዚህ ላይ ነው። ያ ነርሷ የጣለችው ወረቀት ዛሬ በእጄ ቢሆን ምናልባት ጫፎቹን ቆጥሬ እዚያው ላይ አገኘው ነበር።

አሁን ወደ ውርደቴ። ለማሠልጠኛ የተጠቀምኩት ዓለም ሁሉ የሚጠቀምበትን፣ በነፃ የሚገኘውን የኤምአይቲና የቤዝ እስራኤል ሆስፒታል ስብስብ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1975 እስከ 1979 ቦስተን ውስጥ ከ47 ሰዎች የተነሱ 48 የግማሽ ሰዓት ቅጂዎች አሉት። ወደ 110 ሺህ የሚሆን የልብ ምት፣ እያንዳንዱ በባለሙያ ተለይቶ ተጽፎበታል። ምቶቹን ደባልቄ ከፊሉን ለማስተማሪያ፣ ከፊሉን ለፈተና አደረግሁ። ውጤቱ ከ99 በመቶ በላይ ወጣ። ወደ አማካሪዬ እየሮጥኩ ሄድኩ። ቁጥሩን አዩና «የፈተንካቸው ሰዎች እነማን ናቸው?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ምቶቹን በዘፈቀደ ስደባልቅ የአንዱ ሰው ግማሽ ምት ማስተማሪያው ውስጥ፣ ግማሹ ፈተናው ውስጥ ገብቷል። ፕሮግራሜ የለየው ሕመሙን ሳይሆን ሰውየውን ነው። ሰኞ ያስቀሩትን ሱራ ማክሰኞ ጠይቀው «ሓፊዝ ሆነሃል» እንደማለት ነው። ደግሞም ከስብስቡ ምቶች ከመቶ ወደ 90 የሚጠጉት በጤነኛው ምድብ የሚቆጠሩ ስለሆኑ፣ ምንም ሳያይ ሁሉንም «ጤነኛ» የሚል ፕሮግራም እንኳ 90 አካባቢ ያመጣል። ፊሊፕ ደ ቻዛልና ባልደረቦቹ በ2004 ቅጂዎቹን 22 ለማስተማሪያ፣ 22 ለፈተና አድርገው በሰው ለይተው ከፋፍለዋቸዋል። እንደነሱ አድርጌ ደገምኩት፤ ቁጥሬ ወረደ። በተለይ ከላይኛው ክፍል በሚነሱት ያልተለመዱ ምቶች ላይ ወረደ፣ ማለትም በጣም በምፈልጋቸው ላይ። በየቦታው «99 በመቶ» የሚል የኢሲጂ ጽሑፍ ስታነቡ ይህንኑ የአማካሪዬን ጥያቄ ጠይቁ።

ሌላም አለ። የዚያ ስብስብ ሲግናል በሰከንድ 360 ጊዜ ነው የተለካው። ለምን 360? የአሜሪካ ኤሌክትሪክ 60 ሄርዝ ስለሆነ፣ 360 ለ60 ስድስት ጊዜ እኩል ይካፈላልና የ60ውን ጫጫታ መጣል ይቀላል። ለ50 ብታካፍሉት 7.2 ነው። ቁጥሩ ራሱ ለቦስተን ግድግዳ የተሰፋ ልብስ ነው። የራሳችንን ስናነሳ በሰከንድ 500 ብናደርገው ለእኛ መብራት ይስማማል።

ሰዎቹም የቦስተን ሰዎች ናቸው። እዚያ የላይኛው ክፍል መርገብገብ በዋናነት የሽማግሌ ሕመም ነው። እኛ ዘንድ ግን በልጅነት በደንብ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም የልብ በሮችን ጎድቶ የሚያመጣው ሩማቲክ የልብ ሕመም ስላለ፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ሰው ላይም ይታያል። «ወጣት ነው፣ መርገብገብ ሊሆን አይችልም» ማለትን የለመደ ፕሮግራም እዚህ ሰው ይጎዳል። ጫት ደግሞ አለ፤ የልብ ምት ያፈጥናል፣ ደም ግፊት ይጨምራል። ከሰዓት በኋላ ሐረር ላይ የሚነሳ ኢሲጂ ከጠዋቱ ጋር አንድ ላይሆን ይችላል፣ የቦስተኑ ስብስብ ግን ይህን ለማስተማር አልተዘጋጀም። ብራዚል ሚናስ ዤራይስ ግዛት ውስጥ ከየገጠሩ በቴሌሄልዝ የተላኩ ከ2 ሚሊዮን በላይ የራሳቸው ኢሲጂዎች ላይ ፕሮግራም አሠልጥነው በ2020 አሳትመዋል። የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤና ኮሌጅ ሐረር ነው፣ ሕይወት ፋና ሐረር ነው፣ ጁገል ሆስፒታል ሐረር ነው። ወረቀቱ በየቀኑ ይወጣል፤ የሚሰበስበው ነው የጠፋው።

እስካሁን በፕሮጀክቴ ከጨመርኩት ሁሉ የምወደው አንድ ነው። በ2017 የተካሄደ ዓለም አቀፍ ውድድር ላይ ተወዳዳሪዎቹ አጫጭር ኢሲጂዎችን በአራት እንዲመድቡ ተጠየቁ፤ ጤነኛ፣ የሚርገበገብ፣ ሌላ ዓይነት መዛባት፣ አራተኛው ደግሞ «ከጫጫታ ብዛት የማይነበብ»። አራተኛው ምድብ ሽንፈት አይደለም፣ ነርሷ ያደረገችው ነው፤ የመጀመሪያውን ወረቀት አላነበበችውም፣ ጣለችው። ኢማሙ ማሊክ (ረሒመሁላህ) ከሩቅ አገር ተጉዞ ለመጣ ጠያቂ እንኳ «ላ አድሪ» ማለትን እንደማይፈሩ ኡስታዛችን ደጋግመው ይነግሩን ነበር። ፕሮግራሜ አሁን «አላውቅም፣ እንደገና ይነሳ» ማለት ይችላል። ይህን ሳስተምረው ትክክለኛነቱን ከማሳደግ የበለጠ ጊዜ ወስዶብኛል።

እንደገና ሲነሳ ደግሞ የሚነሳው ሰው አለ። አያቴ የተንቀጠቀጠችው በብርድ ብቻ አይደለም፤ ስድስቱ የደረት ኤሌክትሮዶች የሚለጠፉበትን ቦታ የሕክምና ተማሪዎቻችን ያውቁታል፤ ከፊሎቹ ጡት ሥር ነው። ሴቶቻችን ሲያፍሩ ሰውነታቸው ይወጠራል፣ ያም የጡንቻ ጫጫታ ነው። ሠራተኛው ደግሞ አፍሮ ቦታውን ሳያይ ሲለጥፍ ቅርፁ ይለወጣል፣ ያንን የትኛውም ሒሳብ አይመልሰውም። ሴት ባለሙያ፣ መጋረጃና ጋቢ የክብር ጉዳይ ብቻ ሳይሆኑ የሲግናል ጥራት ጉዳይ ናቸው።

በሚቀጥለው ሴሚስተር የሥነ ምግባር ፈቃዱ ሲደርሰን፣ ኢንሻአላህ፣ የግቢያችንን ጫጫታ መቅዳት እንጀምራለን። ቦስተኖቹም ለየብቻ ቀድተውታል፤ ፈቃደኛ ሰዎች ላይ ኤሌክትሮዱን የልብ ሲግናል በማይታይበት ቦታ ለጥፈው እንቅስቃሴያቸውን ብቻ አነሱ። የእኛ 50 ሄርዝ ያለበት ይሆናል። ደረት አይነካም፣ ክንድ ብቻ ነው። እህቶችን እህቶች በሌላ ክፍል ይቀዷቸዋል። ሥራው እጅ መጨበጥ፣ ማውራት፣ መሳቅና መንቀጥቀጥ ነው። ፈቃደኛ የሆናችሁ ከዐስር በኋላ ጀማዓው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በሚለጠፈው ወረቀት ተመዝገቡ፣ የስልክ ቻርጀራችሁንም ይዛችሁ ኑ።